የነጨሁት ፊት

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2፣ ማታ
ታጠብሁ፣ አደረቅሁ፣ ቀባሁ። ጥጥ ላይ ጥቂት ጠብታ፤ ዓይን አጠገብ አይደርስም። ግላይኮሊክ አሲድ ነው ስሙ። ካሁን ወዲያ ግ.አ. እለዋለሁ። አሲድ ሲሉኝ የመኪና ባትሪ ትዝ ብሎኝ ደነገጥሁ፤ የፋርማሲዋ ልጅ ሳቀችብኝ። የላይኛውን የሞተ ቆዳ ቀስ አድርጎ ያነሳል፣ ጥቁረቱን ያደበዝዛል፣ ጠባሳውን ግን አልምልልሽም አለች። በሳምንት ሁለት ማታ ብቻ። ቀን ቀን ሰንስክሪን የሚሉት የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ከፀሐይ መሸሽ። ቆነጠጠኝ። አልጠላሁትም፤ ፊቴን የሚነካኝ ነገር ከጠፋ ቆይቷል።

ለማን እንደማወራው እንጃ፤ ለአንቺው ልንገርሽ ደብተሬ። እማዬ እዚያ ዘጌ ቤታችን የሞተች ዕለት ሁለቱንም ጉንጬን በጥፍሬ ነጨሁት። አክስቶቼም ነጭተዋል፤ የነሱ ዳነ። የኔ ጠቁሮ ቀረ። አባባ መርጌታ ናቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ይህን አትወድም። በካህናቱ ፊት አዋረድሽኝ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስደውል ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ በቃ። ስሄድም ቀና ብለው አያዩኝም። ጥር 23 ሙት ዓመቷ ነው። በጠራ ፊት ልሂድ፤ ያኔ ያዩኛል።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7
ባንክ። ገንዘብ የምከፍልበት መስኮቴ ላይ ሰልፍ። ወ/ሮ የሺ ከመሸንቲ መጡ፤ ቅቤ ነጋዴ ናቸው። መጀመሪያ ያዩኝ ቀን ማን ሞቶብሽ ነው ልጄ ብለው፣ ሰልፉን ረስተው እንባቸውን ያፈሰሱልኝ ሴት። በመጡ ቁጥር ስለ እማዬ አንድ ነገር ይጠይቃሉ። ዛሬ ጠባይዋን ጠየቁኝ። ቡና ለቀማ ላይ ጫካውን በሳቅ ታናጋው እንደነበር ነገርኋቸው። ከኋላ ያለው ሰውዬ አጉረመረመ። ያጉረምርም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19
ቆዳዬ ለሰለሰ። ግራ ጉንጬ እየጠራ ነው፣ እውነቴን ነው። መስታወቱን መስኮት አጠገብ ወስጄ አየሁት፤ ደግሜ አየሁት። የማሳየው ሰው ግን የለም።

ከሰዓት በኋላ የባ/ዳር ሰው ሁሉ ጣና ዳር ነው፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ። እኔ መጋረጃ ዘግቼ ተኝቻለሁ። ፀሐይ ክልክል ነው የለ? ጥሩ ምክንያት። ድሮስ ማን ጠርቶኝ ያውቃል። ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ ከፋኝ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 29
ገና። አባባጋ ደወልሁ። እንኳን አደረሰዎ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። ሌላ ነገር እፈልግ ነበር። ምን እንደሆነ ሳላውቀው ስልኩ ተዘጋ። ለአንድ ሰው በግ አይታረድም፤ እንቁላል ጠበስሁ። ጨው በዛበት።

ማክሰኞ፣ ጥር 5
ወ/ሮ የሺ አዩኝ። ተመስገን፣ ወጣልሽ ልጄ አሉ፤ ብራቸውን አስገብተው ሄዱ። ስለ እማዬ አልጠየቁም። ለደግ ነው፣ ቁስሏን አልነካካም ብለው ነው። ግን ሌላም ሰው አልጠየቀኝም፣ ሳምንቱን ሙሉ። ለካ ስሟን የሚያስጠራልኝ ያ ምልክት ነበር! አሁን እንደ ማንኛዋም ገንዘብ ከፋይ ነኝ። ደረሰኝዎ፣ አመሰግናለሁ፣ ቀጣይ።

ዛሬ ግ.አ. አልቀባሁም። እማዬን ሁለተኛ የምቀብራት መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 16
ግን አባባስ? ቀረብ ብሎ ላየ ቀኝ ጉንጬ ላይ ሁለት መስመር አሁንም አለ። እሳቸው የሚያዩት ያንን ነው። ሳምንት ቀረ። በየማታው ልቀባው ነው። የፋርማሲዋ ልጅ እንዳትሰማ።

ረቡዕ፣ ጥር 20
ተቃጠልሁ። ቀላ፣ አበጠ፣ ተላጠ። ውኃ ሲነካው እሳት ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። የፋርማሲዋ ልጅ ተቆጣችኝ፦ ሁሉንም አቁሚ፣ ቫዝሊን ብቻ፣ ፀሐይ እንዳያይሽ። ባንክ ውስጥ ምን ተቀባሽ ይሉኛል፣ ይሳሳቃሉ። ከነጨሁት ጊዜ ባሰ። በዚህ ፊት ዘጌ? አልሄድም። አሞኛል እላለሁ። ለእናቷ ሙት ዓመት ያልመጣች ይበሉኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 21፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት
ደወልሁ። አሞኛል ስል ምንሽን አሉኝ። ውሸቱ ጠፋብኝ። ምልክቱን ላጠፋ ብዬ ፊቴን አቃጠልሁት፣ እርስዎ እንዲያዩኝ ብዬ፣ አልኋቸው።

ያምሻል ወይ አሉ። አዎ አባባ፣ በጣም። ቀጥሎ ያሉትን እንዳለ ልጻፈው፦

«እኔ እኮ ለናትሽ ፍትሐት ስመራ ድምጼ እንኳ አልተሰበረም። መርጌታ ነኛ። ቀና ብዬ ያላየሁሽ ተቆጥቼ አይምሰልሽ፤ ቀንቼብሽ ነው። እኔም የምነጨው ፊት በኖረኝ።»

አለቀሱ። አባባ ሲያለቅሱ ሰምቼ አላውቅም። እኔም አለቀስሁ፤ እንባው የተላጠውን ቦታ ፈጀው፣ ግድ አልሰጠኝም። ማን እያበሰለልዎ ነው አልሁ በመጨረሻ። ራሴው፣ ሽሮ ተምሬያለሁ አሉ። እማዬ ይህን ብትሰማ አልሁ። ሳቁ! ከዚያ ስለሷ አወራን፣ ካርዴ እስኪያልቅ።

ዓርብ፣ ጥር 22፣ ጠዋት
ወደቡ ላይ ነኝ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የምጽፍብሽ። አለቃዬ የሳምንት ፈቃድ ሰጠኝ። ለአንድ ሌሊት አይደለም የምሄደው፤ እስኪበቃን እቀመጣለሁ። ሐይቁ ላይ ፀሐዩ ይበረታል፣ ስለዚህ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ እከናነባለሁ። ዘጌ ስወርድ ግን እገልጠዋለሁ፣ እንደቀላሁ፣ እንደተላጥሁ። አባባ ጀልባው ድረስ እመጣለሁ ብለዋል። ይዩኝ። ሰው እየገባ ነው፣ ቦታ ሳይሞላብኝ ልሳፈር።