የእህቴ እጅ ፐርቲነንት ስላለመሆኑ

ለተከበሩ የአደጋ አጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ሙሉ አካልዎን ይዘው በመልካም እንደሚገኙ አምናለሁ። እኔ በሆቴሉ የልብስ ንጽህና ክፍል አንሶላ ስትተኩስ ቀኝ እጇን ማሽን የበላባት ሴት ታናሽ ወንድም ነኝ። በስብሰባው ዕለት ከጎኗ ተቀምጬ ስለቀሰምኩት እንግሊዝኛ በአደባባይ ላመሰግንዎ እወዳለሁ።

አንደኛ፣ እህቴ የማሽኑ መከላከያ ብረት ሥራ ያዘገያል ተብሎ እንደተፈታ፣ ለተቆጣጣሪውም ደጋግማ እንደነገረች ልታስረዳ ስትጀምር፣ በለዘበ ድምፅ «ይህ ፐርቲነንት አይደለም» ብለው አስቀመጧት። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እየተባልን ላደግን ሰዎች፣ ሥሩ እንደማያስፈልግ ማወቅ ትልቅ ትምህርት ነው።

ሁለተኛ፣ አጠገቧ አንሶላ የምታጥፈው ባልደረባዋ ያየችውን ልትመሰክር ስትነሳ «ጀርሜን አይደለም» አሏት፤ ትርጉሙ ያው ከፊተኛው ቃል ጋር አንድ ነው። ምስኪኗ ማሽኑ የጀርመን አይደለም የተባለች መስሏት፣ የት አገር እንደተሠራ እንደማታውቅ በትሕትና መለሰች። ኮሚቴው ሳቀ። እርሷም ምስክርነቷን በሆዷ ይዛ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሦስተኛ፣ ሪለቫንት የሆነውን ስለለዩልን ምስጋናችን ወሰን የለውም፤ ይኸውም እህቴ ጣቷ ላይ ቀለበት ማድረጓና፣ የዚያን ዕለት ልጇ ታማባት ሐሳቧ ቤት መቅረቱ ነው።

በእረፍቱ ኮሪደር ላይ ቆመን፣ በፋሻ የተጠቀለለ ክንዷን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች፣ ያ የመጀመሪያው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጉዳዩን የሚመለከት ማለት እንደሆነ ነገርኳት። «ታዲያ ጉዳዩን የማይመለከተው የቱ ነው፣ እጄ ነው ወይስ እኔ?» አለችኝ። ጥያቄዋን ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ፤ በሚቀናዎ ቋንቋ ይመልሱላት።

ውሳኔውንም ተቀብለናል። አደጋው በራሷ ቸልተኝነት እንደደረሰ ተጻፈ፤ ሥራው ሁለት እጅ ይፈልጋልና ተሰናበተች። ነገር ግን እዚያው ማሽን ፊት ዛሬ ሌላ ሴት ቆማለች፣ ገና ሥራውን ያልለመደች፤ መከላከያው ብረት ደግሞ እስካሁን ግድግዳ ተደግፎ አቧራ ይጠጣል። ለእህቴ ባይሆንም ለእርሷ ብለው ያስገጥሙት። ይህችን መስመር ያለ ፌዝ ነው የጻፍኳት።

በታላቅ አክብሮት እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ፤ እጅ በመንሳት ግን እርስዎን የሚስተካከል እንደሌለ አውቃለሁ።

የተሰናባቿ ወንድም

ማሳሰቢያ፦ እህቴ የውሳኔውን ደብዳቤ መረከቧን በግራ እጇ ፈርማ ብትልክ፣ ፊርማው በመዝገብ ካለው ጋር ስለማይመሳሰል በአካል ቀርባ እንደ ቀድሞው እንድትፈርም ቢሮዎ ጽፎላታል። ቀኝ እጇ በመጨረሻ ፐርቲነንት ሆኖ በመገኘቱ መላው ቤተሰቡ ደስ ብሎታል።