ድሪሉ ያገኘው ቤት

ወረታ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለማስተዋል መንግሥቴ
ድሬዳዋ

ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል? ይህን ደብዳቤ የሚሰጥሽ አጎትሽ ባየህ ነው። የሚሰጥሽም ሊነግርሽ የመጣውን ከነገረሽ፣ የአገር ልጆች ዙሪያሽን ከተቀመጡ፣ አንቺም ፊትሽን ታጥበሽ እህል ቢጤ ከቀመስሽ በኋላ እንዲሆን አደራ ብዬዋለሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በደብዳቤም አይጻፍም። ስለዚህ ስለ እሱ አልጽፍም። በደወልሽ ቁጥር "እናትሽ ተኝታለች" እያልኩ ስመልስልሽ የነበረው ለምን እንደሆነ አሁን ገብቶሻል። ከዋሸሁት ሁሉ ለእውነት የቀረበው እሱ ነው።

እኔ የምጽፍልሽ ስለ ድሪል ነው።

እንደምታውቂው እናትሽ ግራ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ከክረምት ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም። ለጥምቀት እመጣለሁ ያልሽ ዕለት ግን ራሷን ችላ ተነሥታ ተቀመጠች። "ልጄ ተጋድሜ አታገኘኝም። በር ላይ ቆሜ ነው የምቀበላት" አለች። ስለዚህ ከአልጋዋ እስከ በሩ፣ ግድግዳውን ይዞ የሚሄድ መደገፊያ እንጨት አስፈለገ። አናጢ ልጥራ ብላት ባዳ ሰው እንዲህ ሆኜ አያየኝም አለች። ሥራው ምስማር በማጣመም በሚታወቅ አንድ ጡረተኛ የታሪክ መምህር ላይ ወደቀ።

ግድግዳ መብሻ ድሪል ልገዛ መገንጠያው ጋ ወዳለው ወደ ደረሰ ሱቅ ሄድኩ። ደረሰ ተማሪዬ ነበር። ክፍል ውስጥ አንድም ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ያጠራቀመውን ሁሉ ጠየቀኝ። በገመድ የሚሠራ ነው የሚፈልጉት ወይስ በባትሪ? የወረታ መብራት ቃሉን የሚጠብቅ ስላልሆነ በባትሪ አልኩ። ትንሹን ወይስ ትልቁን? ሁለቱንም በየተራ አስያዘኝ። ትንሹ ለእጅ ቀላል ነው፤ ለመጋረጃና ለመደርደሪያ ይበቃል። ትልቁ እየዞረ የሚመታ፣ ኮንክሪት የሚበሳ፣ ክንድ የሚያዝል ነው። "ጋሼ፣ ግድግዳው ምንድን ነው?" አለኝ። "ግድግዳ ነው" አልኩት። ከኋላዬ የቆሙ ሁለት የባጃጅ ሾፌሮችም መልሴን በትዕግሥት ይጠብቁ ስለነበር፣ ኮንክሪት የሚበሳውን ገዛሁ። ከሁለት ባትሪ ጋር ነው፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይተካዋል። ጥሩ አሠራር ነው።

መመሪያውን እንደ ልማዴ በእርሳስ እያሰመርኩ አነበብኩት። ስለ ብረት፣ ስለ እንጨት፣ ስለ ሸክላና ስለ ኮንክሪት በሰፊው ያትታል። ስለ ጭቃ አንድም ቃል አላገኘሁበትም።

ግድግዳችን ላይ ሳሳርፈው ፑንታው፣ ማለት የሚበሳው ብረት፣ እስከ አንገቱ ሰጠመ፤ ሰፌድ የሚያህል ልስንም ከነገለባው ተገንድሶ እግሬ ሥር ወደቀ። እናትሽ ሳቀች፤ በሚታዘዝላት ግማሽ አፏ። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

"አንተ ሰው፣ ቋሚው ላይ ነው እንጂ ጭቃው ላይ ማን ይበሳል?" አለች።

እውነቷን ነው። ብሎን የሚይዘው ጭቃው ሳይሆን ውስጡ የተቀበረው ቋሚ እንጨት ነው። ችግሩ ቋሚው ከላይ አይታይም። እሷ ግን ቤቱን የመረግሁት እኔ ነኝ፣ እኔ ላሳይህ ብላ በደህና እጇ ትጠቁመኝ ጀመር። ከፍ አድርግ፣ ወደ ጓዳው ጠጋ፣ እዚያ ጋ። በሳሁ። ጭቃ ነው። ሌላ አሳየችኝ። እሱም ጭቃ ነው። ሦስተኛው ላይ ፑንታውን ሳስገባ ፊቷ በራ።

"እሱ ነው። ጥጃዋን የምናስርበት።"

ልጄ፣ እኛ ቤት ጥጃ ታስሮ አያውቅም። ያን ጊዜ ገባኝ። እናትሽ የምታሳየኝ ቁሐር ሚካኤል መንደር የነበረውን፣ እሷ ገና ልጃገረድ ሳለች የርብ ወንዝ ሞልቶ የወሰደውን የአባቷን ቤት ቋሚዎች ነበር።

ላርማት እችል ነበር። ዕድሜ ልኬን ደመወዝ የበላሁት ሰው በማረም ነው። ነገር ግን ባሳየችኝ ቦታ ሁሉ በሳሁ። በየቀዳዳው "አገኘኸው?" ትለኛለች፤ "አገኘሁት" እላታለሁ። እንቅልፍ ሲወስዳት ደግሞ ግድግዳውን በጣቴ እያንኳኳሁ የእኛን ቤት ቋሚዎች ፈለግሁ። እንዳትነቃ ድሪሉን አስቀምጬ፣ መደገፊያውን መዳፌ እስኪላጥ በካቻቪቴ አሰርኩት። ደረሰ እንዳይሰማ እንጂ፣ ያ ሁሉ የተወራለት ድሪል ለመደገፊያው አንድ ብሎን እንኳ አላስገባም። የሠራው የቁሐሩን ቤት ብቻ ነው።

መንገድ ተዘግቶ አዲስ አበባ ቀረሁ ብለሽ የደወልሽው የከተራ ዕለት ጠዋት ነው። ስልኩን ዘግቼ ስመለስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ጠበቀችኝ። መደገፊያውን ያዘች፤ ተነሣች። እኔ እጆቼን ዘርግቼ፣ ከመውደቋ ቀድሜ ልወድቅ እንደተዘጋጀሁ ከኋላዋ ተከተልኩ። ልጄ፣ ደረሰች። በር ላይ ቆመች። ታቦት ለማጀብ የሚወርደውን ሁሉ፣ የምታውቀውንም የማታውቀውንም፣ አንገቷን እየሰበረች እጅ ነሳች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ልጅቷስ?"

"መንገድ ተዘግቷል።"

"ርብ ሞልቶ ነው?"

ጥር ላይ ርብን ፍየል ይሻገረዋል። "አዎ፣ ሞልቶ ነው" አልኳት።

"እንግዲያ ሲሸሽ ትመጣለች። ውኃ አይደል? ይሸሻል" አለች።

እግሯ መንቀጥቀጥ እስኪጀምር አልተቀመጠችም። ከዚያ በኋላ ያለውን ባየህ ነግሮሻል።

ለቅሶ የመጣው ሰው ግድግዳውን ሲያይ አንገቱን ይነቀንቃል። አንዳንዱ አይጥ ነው አለ፤ አንዳንዱ ደግሞ መንግሥቴ ነው ብሎ በሹክሹክታ አዘነልኝ። አክስትሽ አይናለም ከቁሐር ስትደርስ ግን ገብታ አልተቀመጠችም። ግድግዳው ፊት ቆመች። ጣቷን አንዱ ቀዳዳ ውስጥ አስገባችና "ይሄ የጥጃዋ ነው" አለች። ወደ ቀጣዩ ሄደች። "ይሄ አባባ ጅራፉን የሚሰቅልበት። ይሄ ጎተራው ጋ ያለው። ይሄ እኔና እህቴ ገላነሽ የምንተኛበት ራስጌው።" ማንም ምንም አልነገራትም፤ እኔም አልነገርኳትም። የሚያለቅሰው ሁሉ ተከተላት። የመጨረሻው ጋ ስትደርስ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቀረች።

የዕድራችን ሰዎች ለአርባዋ ቤቱ ይመር ብለው፣ የሩዝ ገለባ ጨምረው ጭቃ አቡክተው ነበር። አመስግኜ ከለከልኳቸው። ጭቃው ጓሮ ነው። እንዳይደርቅ ጠዋት ጠዋት ውኃ እጨምርበትና ሱሪዬን ሰብስቤ እረግጠዋለሁ፤ ጎረቤቶች ስለ እኔ ያላቸውን አስተያየት የሚያሻሽል ትዕይንት አይደለም። ግን አንቺ መጥተሽ በየቀዳዳው ጣትሽን ሳታስገቢ አይደፈንም። መጀመሪያ የአያትሽን ቤት እዪው፤ ከዚያ አብረን እንመርገዋለን። በሩ ላይ ቆሜ የምቀበልሽ እኔ ነኝ። መደገፊያው እኔንም ይችለኛል፤ ሞክሬዋለሁ።

እናትሽ በዚያ በግማሽ አፏ የመረቀችሽ ሁሉ ሳይጎድል ይድረስሽ። ቁሐር ሚካኤል በመንገድሽ ሁሉ ይቅደምልሽ።

አባትሽ
መንግሥቴ

ውኃው ሸሽቷል፣ ልጄ።