በአራጌ ክንድ የተለካ ተሳቢ

ጥቅምት 19 ቀን 2016

ይህንንና የሚቀጥለውን ቀን የምጽፈው ቆይቼ ነው። የዚያን ዕለትማ እጄ እስክሪብቶ አይዝም ነበር።

ማለዳ ምስር እየለቀምኩ ነበር። አጥሩ ጋ ሰው በዛብኝ... የባሌ ወንድም ይሄነው ከፊት፣ የልጄ ጓደኛ አሕመዲን ከኋላ። አሕመዲን ጎማ ተሸክሟል። ባሌ ሲሞትም እንዲህ በማለዳ ነበር የመጡት። ግን መርዶ ይዞ የመጣ ሰው ጎማ ይሸከማል? እሱን ሳስብ ነገሩኝ። ልጄ አራጌ ጓሮ ለሚሠራው ተሳቢ ጎማ ሊገዛ ደሴ ወርዶ ነበር። ሲመለስ አቀስታ ሳይደርስ ሚኒባሱ ተገለበጠ።

ጎማው ምንም አልሆነም።

ታኅሣሥ 6

አርባው ከወጣ ሰነበተ። ይሄነው መጣና ጓሮ ገባ። አራጌ የጀመረውን ተሳቢ ዞሮ ዞሮ አየው። ወለሉ አለ፣ ጎኑ የለም፣ አንገቱ የለም።

"አንቺ አልታየች፣ ቆራርጠን ለብረት ገዢ እንስጠው። ባየሽው ቁጥር ይብስብሻል።"

"እስከ ሙት ዓመቱ ተወው። ያን ቀን በትራክተር ካልተጎተተ ውሰደው።"

"ማን ሊሠራው?"

"እኔ።"

ሳቀ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝ። ምን ነክቶኝ ነው?

ታኅሣሥ 11

ደብተሩን አገኘሁት። ይኸው የምጽፍበት። ከፊት የእሱ ሥዕልና ልክ ነው፣ እኔ ከኋላ ጀምሬያለሁ። ልጄ አምስት ቀን ሒሳብ ያስተምር፣ ቅዳሜ ብረት ይበይድ ነበር። ለደስታው ነው እንጂ ማንም አላዘዘውም። በሩን፣ የዶሮ ቤቱን፣ የእኔን አግዳሚ... ሁሉንም ጽፎታል። ልኩ ሁሉ በክንድ! አሕመዲን "የሒሳብ አስተማሪ በክንድ ይለካል?" እያለ ሲተርበው ትዝ አለኝ።

"ሜትር ይጠፋብኛል። ክንዴ የት ይሄድብኛል?" ይል ነበር።

ጥር 25

አሕመዲን ሊያስተምረኝ እሺ አለ። እሱንም ያስተማረው አራጌ ነው። የብየዳ ጭምብሉ ከሐዘን ሻሼ በላይ አልገባ አለ። ሻሹን ፈታሁት። ከጥቅምት ወዲህ ራሴን ነፋስ ሲያገኘው የመጀመሪያዬ ነው።

የብየዳው ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱ፣ ብረቱ ላይ ተጣበቀ። እንደገና ተጣበቀ። ሦስተኛው ላይ በራ... ከዚያ ብየዳው ላይ የደረቀውን ቅርፊት በመዶሻ አነሳን።

"እትዬ፣ ይሄንን ዶሮ ናት የጫረችው?"

"ያንተስ የመጀመሪያው ምን ይመስል ነበር?"

"አላህ ያውቃል። አራጌ ለማንም ሳያሳይ ቀበረው።"

ሁለታችንም ሳቅን። ሳቄን ሰምቼ ደነገጥኩ።

መጋቢት 3

ትናንት ጭምብሉን ሳላወርድ ብልጭታውን አየሁት። አንዴ ብቻ። ጠዋት ዓይኔ አብጦ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል። ዛሬ ደግሞ የእድር ሴቶች ሊጠይቁኝ መጡ። ዝናሽ ገና ከበሩ ስታየኝ ፊቷን ያዘች። "አዬ አንቺ፣ ዛሬም?" ብላ አለቀሰች። ሌሎቹም ተከተሏት።

"የብየዳ ነው" አልኳቸው።

"እሺ እናቴ፣ እሺ... አልቅሺ፣ ይውጣልሽ።"

ማን ይመነኝ? የአሕመዲን ሚስት ፈይዛ ድንች ቆራርጣ ይዛ መጣች። "ጋደም ይበሉ፣ ዓይንዎ ላይ ላድርግልዎ። አሕመዲንም ሲጀምር እንዲህ አቃጥሎት ነበር።" ያኔ ዝናሽ ለቅሶዋን አቆመች። "ስንቱን እንባ በከንቱ አስጨረስሽኝ!" አለች። ድንቹ ዓይኔ ላይ እንዳለ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

ግንቦት 17

የቀኙ ጎን ቆመ፣ ልኩን ከወለሉ ነው የወሰድነው። ለካ ብየዳ ስፌት ነው... ሳትቸኩል፣ ሳትጎትት፣ ክር እንደምታሳልፍ። ይሄንን ማን ነገረኝ? ማንም። እጄ ነው ያወቀው።

ሐምሌ 9

ዝናብ። መብራት የለም። ምንም አልሠራሁም።

ነሐሴ 20

መብራት ለሁለት ሰዓት መጣ። ሮጥኩ። ወጡ እሳት ላይ ተረስቶ አረረ።

መስከረም 22 ቀን 2017

የግራውም ጎን አለቀ። ጎማዎቹ ገቡ፣ ያኛው የደሴው ጎማም። በቀለም ቀባሁት፣ አረንጓዴ። የሐዘን ልብሴ በፍንጣሪው ተበሳስቶ ወንፊት መስሏል። ዝናሽ "ሐዘን አይተናል፣ እንዲህ ያለ ግን..." አለችኝ።

ከእንግዲህ አንገቱ ብቻ። ተሳቢውን ከትራክተሩ የሚያያይዘው ረጅም ብረት ነው። አራጌ "አንገት፣ 3 ክንድ" ብሎ ጽፏል። ክርኔን ብረቱ ላይ አሳርፌ ሦስት ጊዜ ለካሁ። ቆረጥን፣ በየድን።

ጥቅምት 8

አሕመዲን ትራክተር ተውሶ አምጥቶ አያያዘው። ይሄነውም ሊያይ መጣ። ቀጥ ብሎ ሲሄድ እንዴት ያምር ነበር! መታጠፊያው ላይ ግን... ጓ። የትራክተሩ የኋላ ጎማ የተሳቢውን ጥግ ገጨው። ከዚያም ደገመው። አንገቱ አጭር ነው፣ መታጠፍ አይችልም።

"እኔማ ብዬ ነበር" አለ ይሄነው። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ አዝኖልኝ ነው። እሱ ነው የባሰብኝ።

ልጄ ተሳስቶ ይሆን? ሒሳብ የሚያስተምር ሰው?

ጥቅምት 9

ጠዋት እሱ የሠራልኝ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሲሠራልኝ ከአባቱ ጋር ሦስት ሆነን እንድንቀመጥበት ብሎ አስረዘመው። አሁን ብቻዬን ጥጉ ላይ ነኝ። ደብተሩን ገለጥኩ። "የእማዬ አግዳሚ፣ 4 ክንድ።" እንዲሁ ለነገሩ በክንዴ ለካሁት። አራቱ አልቆ አግዳሚው አላለቀም!

ቆይ... ቆይ።

እሱ የለካው በራሱ ክንድ ነው። እኔ የለካሁት በእኔ።

ገመድ አመጣሁ። ከአግዳሚው ጫፍ እስከ ጫፍ ዘረጋሁ፣ ቆረጥኩ። ለሁለት አጠፍኩት። እንደገና ለሁለት። የታጠፈውን ከክርኔ ጀምሬ እጄ ላይ አስተኛሁት። የመሃል ጣቴን አልፎ አራት ጣት ተረፈ።

ክንዱ ነው። የልጄ ክንድ... እጄ ላይ ተጋድሟል። ረጅም ነበር አራጌ፣ በሩን ጎንበስ ብሎ ነበር የሚገባው። ገመዱን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም። ብርር ብዬ አሕመዲን ቤት ሄድኩ።

"እትዬ፣ ምን ሆኑ?"

"አራጌ አልተሳሳተም። እኔ ነኝ አጭሯ!"

ጥቅምት 13

በገመዱ ሦስት ጊዜ ለክተን አዲስ አንገት ቆረጥን። አሕመዲን ልበይደው ሲል እምቢ አልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ሠራሁት። አሕመዲን ቅርፊቱን አንስቶ በጣቱ ዳሰሰው። "ይሄኛውን አንቀብረውም" አለኝ።

ትራክተሩ ታጠፈ። በቀኝም በግራም። ሳይነካ!

ጥቅምት 19

ሙት ዓመቱ ዛሬ ነበር። ተሳቢው ጎህ ከቀደደ ጀምሮ አላረፈም። ውኃ በበርሜል፣ ማገዶ፣ የእድሩ ድንኳን። ከዚያ ደግሞ ዳገቱን መውጣት ያቃታቸው አሮጊቶች አግዳሚዬን አስጭነው ተቀመጡበትና ቤተ ክርስቲያን ድረስ ወጡ። መንገዱን ሁሉ ሲስቁ ይሰማኝ ነበር። አሕመዲን ለሙስሊሞቹ ለብቻ አርዶ፣ ፈይዛ ለብቻ ሠርታ፣ ሁሉም በላ።

ይሄነው ተሳቢውን በእጁ እየዳበሰ፣ "ሲመለስ እኔንም ያሳፍረኛል?" አለ።

"ብረት ገዢው ሲመጣ ትሳፈራለህ።"

"ይቅር በይኝ በቃ። ይልቅ የማረሻዬ ጫፍ ተሰንጥቋል..."

"ቅዳሜ አምጣው። ብረት የምበይደው ቅዳሜ ነው።"

ካህናቱ ከጸለዩ በኋላ ሴቶቹ ጥቁሩን አወለቁልኝ። ዝናሽ ብርሃን ላይ አንስታ አየችው፣ "ሰማይ ይታይበታል" አለች። ነጭ ለበስኩ። ገመዱ ግን አንገቴ ላይ፣ ከማተቤ ጋር አለ።

ከፊት የእሱ ጽሑፍ፣ ከኋላ የኔ... መሃል ላይ ሊገናኙ አንድ ገጽ ቀራቸው። ለማንም ብዬ አልጻፍኩም ነበር። ግን ደብተር ከሰው ይቆያል፣ አንድ ቀን አንድ ሰው ይከፍተው ይሆናል። እባክህ አንተ የምታነብ፣ እባክሽ አንቺም፣ ክርስቲያን ብትሆኑ በጸሎት፣ ሙስሊም ብትሆኑ በዱዓ ልጄን አስቡልኝ። ነፍሱን ይማረው በሉልኝ። እኛ አራጌ እንለዋለን፣ የክርስትና ስሙ ኪዳነማርያም ነው። በመንገድ ላይ አረንጓዴ ተሳቢ ካያችሁም እሱን እያሰባችሁ አሳልፉት። በእሱ ክንድ የተለካ ነው።