ዶና ኢዳሊና ግራሳ ላይ ያዩት

ቴልሞ፣

እናትህን ወደ አውቶቡስ ጣቢያ ልሸኝ ነው። ወደ ቤታቸው ወደ ቤዣ የሚሄደው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል። ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፤ እሳቸው ናቸው የሠሩልህ።

አንተ ጓደኛህ ቤት ተደብቀህ፣ እኔ «ለፈተና ፖርቶ ሄዷል» እያልኩ ሦስት ቀን ሙሉ የሊዝበንን ዳገትና ቁልቁለት አዞርኳቸው። ዛሬ ጠዋት ግራሳ ዳገት ላይ፣ ቱሪስቶች በባጃጅ ጭነህ ስታልፍ አዩህ።

ልጠራህ ስል እጄን ያዙኝ። «ተይው ልጄ፣ ሥራ ላይ ነው» ብለው ከኋላዬ ተሸሸጉ። እንዳታፍር ብለው ነው። ቆየት ብለው «የሕግ ትምህርቱን መቼ ነው የተወው?» አሉኝ።

«እሱን ይጠይቁት» አልኳቸው።

በዚያ እንደምታልፍ አላውቅም ነበር ብልህ ውሸት ነው። አውቄ ነው የወሰድኳቸው። መዋሸቱ መሮኝ ነበር።
ስድቡን በኋላ ታወርደዋለህ፤ እችለዋለሁ።

አሁን በር ላይ ካፖርታቸውን እየቆለፉ «አባቱንስ ይፍራ፤ እኔን ግን ለምን ፈራኝ?» አሉኝ።

ምን ብዬ ልመልስላቸው?

አውቶቡሱ ሳይነሳ ቶሎ ድረስ።

ፊሊፓ