መላሽ ያጣ ተረት

ረቡዕ፣ ኅዳር 10፤ ፃግብጂ

ልጄ ትናንት ከሰቆጣ መጥታ «አባ፣ ከእንግዲህ ብቻዎን አይኑሩ፤ እኔ ዘንድ ይግቡ» አለችኝ። ተረቶቼ ሳያልቁ ከዚህ ቤት አልወጣም አልኳት። «እንግዲያው እዚህ ላይ ይቅዷቸው፤ ሲያልቁ መጥቼ እወስድዎታለሁ» ብላ አሮጌ ስልኳን ትታልኝ ሄደች።

ዛሬ ጠዋት ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ያሳየችኝን ቀይ ምልክት ተጫንኩ። «ተረት ተረት» አልኩና «የላም በረት» የሚለኝን ጠበቅሁ። ሰሚው ካልመለሰ ነጋሪው አይቀጥልም፤ አባቴ ያስተማረኝ እንዲህ ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ከጓዳ ሆናም ቢሆን ትመልስልኝ ነበር። ጎረቤቶቼም አንድ በአንድ ከተማ ገብተዋል። ስልኩ ዝም አለ፤ እኔም ዝም አልኩ። ግትር ነው ይበሉኝ እንጂ ለማይመልስልኝ ዕቃ ተረት አላወራም።

ከሰዓት በኋላ ምን እንደተቀዳ ልስማ ብዬ ከፈትኩት። የገዛ ድምፄ «ተረት ተረት» አለኝ። ሳላስበው «የላም በረት!» ብዬ መለስኩለት። ደስ ብሎኝ ጆሮዬን አስጠጋሁ። አንድ ዶሮ ጮኸ፤ አንድ ሰው ሳለ፤ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ያ ሽማግሌ ተረቱን ሳይነግረኝ ቀረ።