የላክኸው ሬዲዮና የአባባ ሬዲዮ

ለውድ ወንድሜ ለዴልበርት፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ይዞሃል? ያ ባለፈው ዓመት በረዶ የነካው የእግርህ ጣት ዳነልህ ወይስ አሁንም ሲመሽ ይጠዘጥዝሃል? መርከባችሁ ወደብ ገባች? እዚያ አላስካ የሚያበስልላችሁ ሰውዬስ አሁንም ሾርባውን ያሳርራል? እኔ ተመስገን ደኅና ነኝ፤ ደኅና ማለቴ ቆሜ እሄዳለሁ ለማለት ነው። ጠዋት የትምህርት ቤቱን ድስት ሳነሳ፣ ማታ አባባን ሳነሳ፣ ወገቤ የኔ መሆኑ ቀርቷል። ልጄ ኬልሲም ደኅና ናት፤ እንዴት ደኅና እንደሆነች ግን ኋላ ታነበዋለህ። አባባ ደኅና አይደለም። ምን እደብቅሃለሁ፣ ትንፋሹ ከአልጋው እስከ ወጥ ቤት እንኳ አያደርሰውም። የኦክስጅኑ ቱቦ ካፍንጫው አይወርድም። ሐኪሟም ጸደይን ያያል ብዬ አልዋሽሽም ብላኛለች። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ስለሱና ስለላክኸው ሬዲዮ ነው፤ ሁለቱ አንድ ጉዳይ ሆነውብኛል።

የአባባን ስካነር፣ ያን የጥሪ ማድመጫ ሬዲዮ፣ መቼም አትረሳውም። ማቀዝቀዣው ላይ ቁጭ ብሎ የእሳት አደጋውንና የሸሪፉን ጥሪ ሁሉ እየለቃቀመ ሲለፈልፍብን ነው ያደግነው። እኔ ግን ቁልፉን ነክቼው አላውቅም ነበር። የአባባ ነበራ! ሠላሳ ዓመት የሰፈሩ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎች አለቃ የነበረ ሰው ነው፣ ማን ደፍሮ ይነካበታል? ጆሮዬ የተከፈተው ኬልሲ አያቷን አይታ እሳት አጥፊ ስትሆን ነው። ጥሪ መጥቶ ቦቲዋን አጥልቃ ስትሮጥ እኔ እዚያው ሬዲዮው ሥር ቆሜ እቀራለሁ። «ደርሰናል» ስትል እቀመጣለሁ። «እየተመለስን ነው» ስትል ነፍሴ ትመለሳለች። በቃ፣ ኑሮዬ ይኸው ሆኗል። መጀመሪያ ሰሞንማ ጉድ ሠርቻለሁ፤ ድምፅዋ ቢቆራረጥብኝ ሬዲዮውን አፌ ላይ ደቅኜ «ኬልሲ! ኮትሽን ዘግተሻል ወይ?» ብዬ ጮኽኩበት። አባባ በሳቅ ሊታፈን ነበር። «አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ እኮ ጆሮ ብቻ ነው፤ አፍ የለውም» አለኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህንኑ ያወራብኛል።

ታዲያ በመከር ላይ ወረዳው የጥሪ ሬዲዮውን ወደ ዲጂታል ሊቀይር ነው የሚል ወሬ መጣ። የአባባ ስካነር ደግሞ የድሮው፣ አናሎግ የሚሉት ነው፤ ዲጂታሉን አይሰማም። ምን እንደምገዛ ግራ ቢገባኝ ጎረቤታችን ቡርል ጋ ሄድኩ። የሰው ጉድ ሳይሰማ ራቱ የማይወርድለት መሆኑን ታውቃለህ፤ ሬዲዮ በሬዲዮ ሆኖ ነው የሚኖረው። አንድ ነገር ብጠይቀው ሙሉ ከሰዓት በኋላዬን በላው። ከዚያ ሁሉ የያዝኩት ይቺን ነው፦ «መጀመሪያ ልትሰሚያቸው የምትፈልጊያቸው ሰዎች በምን እንደሚያወሩ ጠይቂ። እነሱ በዲጂታል እያወሩ አናሎግ ብትገዢ ባዶ ሣጥን ገዛሽ። በአናሎግ ብቻ እያወሩ ዲጂታል ብትገዢ ደግሞ በከንቱ ከሰርሽ።» እኔው ደውዬ ይህን ባልኩህ ጊዜ ነው «አትጨነቂ፣ እኔ ዲጂታሉን የሚሰማበትን መስመር ሁሉ ሞልቼበት እልክልሻለሁ» ያልከኝ። እውነትም ላክኸው። እጅህ ይባረክ። አንተም አብረኸው ትመጣ እንደሆን ብዬ የካርቶኑን ሥር ያየሁት ግን እኔው ቂሏ ነኝ።

መቼም ሬዲዮህ ጥርት ያለ ነው። ማንሿሿት የለ፣ ጩኸት የለ፤ ሰዎቹ ከመጋረጃው ጀርባ ያሉ ነው የሚመስለው። ወረዳው ቀይሮ ኬልሲ በዲጂታሉ የመጀመሪያዋን ጥሪ ስትመልስ አባባን ቀና አድርጌ አስደመጥኩት። ትንሽ ሰማና «ማናት ይቺ?» አለኝ። ኬልሲ ናት እኮ አባባ ብለው፣ «ሂጂ ወዲያ! ይቺ ባንክ ስትደውዪ አንድን ይጫኑ የምትለዋ ናት» ብሎ ፊቱን አዞረ። በድሮው ሬዲዮ የልጅቷን ድምፅ ሰምቶ ምሳ መብላት አለመብላቷን ያውቅባት ነበር። በአዲሱ ሁሉም ታጥቦ የተሰጣ ልብስ ይመስላሉ። ደግሞ የኛን ሸለቆ ታውቀዋለህ፤ ተራራው አፍኖ ይዞናል። የድሮው ድምፁ ሲርቅበት ይንሿሿል፣ ያቃስታል፣ ግን በመሃል አንድ ሁለት ቃል ይጥልልሃል። የአንተው ግን ወይ ሙሉውን ይሰጥሃል ወይ ጭራሽ ምንም አይሰጥህም።

ያም ሆኖ የድሮውን ካርቶን ውስጥ ከተትኩት። አባባ «ተዪው፣ ሥራውን አልጨረሰም» ሲለኝ፣ አባባ በናትህ አቧራ ነው የሚጠጣው አልኩና ጓሮ ዕቃ ቤት ወሰድኩት። አውቄበት አይደለም። ደክሞኝ ነው፤ የምወለውለው አንድ ዕቃ ይቀንስልኝ ብዬ ነው።

የአደኑ ሳምንት የገባ ሰኞ ወንዱ ሁሉ አጋዘን ፍለጋ ጫካ ገብቷል። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ እኔ ቤት ነበርኩ፤ ቦሎቄ ጥጄ የበቆሎ ዳቦ እያቦካሁ ነው። ከሰዓት ላይ ጥሪ መጣ፦ ከወንዙ ማዶ ያለው የከብት መኖ መጋዘን እየነደደ ነው። ኬልሲና ለአደን ጉልበት ያጡ ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ሄዱ። አዲሱን ሬዲዮ ከፍ አደረግሁት። «ደርሰናል» አለች፤ ተቀመጥኩ። ከዚያ «ውስጥ ድምፅ ይሰማኛል፣ ሰው ሳይኖር አይቀርም፣ ልግባና» ብላ ጠፋች። ጠፋች ስልህ አልተንሿሿም፣ አልተቆራረጠም፤ ዝም። ያን ዓይነት ዝምታ እማማ የሞተች ዕለት ብቻ ነው የሰማሁት። ጠበቅሁ። ነቀነቅሁት። ድምፁን እስከ መጨረሻው አዞርኩት። በመጨረሻ አፌ ላይ ደቅኜ «ኬልሲ! ኬልሲዬ!» ብዬ ጮኽኩ። ዴልበርት ሙት፣ ያን ጊዜ አባባ አልሳቀም።

የአልጋውን ብረት ይዞ ቀና አለና «የድሮውን አምጪ» አለኝ። በካልሲ ሮጬ፣ የገናውን መብራት በትኜ፣ ካርቶኑን ከሥሩ ጎትቼ አመጣሁት። እንደ ሰካሁለት አባባ ማንሿሿቱን የሚያፍነውን ቁልፍ እስከ ጥግ ከፈተው፤ ቤቱ በማንሿሿት ተሞላ። «እሳቱ ጋ ሲደርሱ እርስ በርስ የሚያወሩት አሁንም በድሮው ነው» አለኝ። ታዲያ ለምን አልነገርከኝም ብዬ ጮኽኩበት። «ሥራውን አልጨረሰም አላልኩሽም?» አለኝ እየተነፈሰ።

ከማንሿሿቱ ውስጥ መጀመሪያ የአንዱ ሽማግሌ ድምፅ መጣ። ስሟን ይጠራል። ዝም። ደግሞ ይጠራል። ከዚያ ሳል ተሰማ። «ሰው የለም... ውሻ ነው... ይዤው...» አለችና ማንሿሿቱ ዋጣት። አባባ ዓይኑን ጨፍኖ «ቆማ አይደለም የምታወራው፤ እየዳኸች ነው። ጎሽ፣ ጎሽ የኔ ልጅ፣ እንደሱ ነው» ይላል፣ እጁ አንሶላውን ጨምድዶ። እንደገና ከወዲያ የመናገሪያዋን ቁልፍ ተጫነች፤ ምንም አልተናገረችም፣ የሆነ ሁው የሚል ነገር ብቻ ተሰማ። አባባ ዓይኑን ገለጠና «ነፋሱ ይሰማሻል? ወጥታለች» አለኝ። እሷ «ወጥቻለሁ» ያለችው ከዚያ በኋላ ነው። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ቦሎቄውም አረረ።

ቤት ስትገባ ፊቷ ጥላሸት፣ ትከሻዋ ተልጦ፣ ውሻውን እንዳቀፈች ነው። ልቆጣት አፌን ከፈትኩና ሳህን አቀረብኩላት። ያረረውን ቦሎቄ ሁለት ሳህን በላችና ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወሰዳት። በነጋታው ቡርል ሊያሾፍብን መጣ። የአንተው ሬዲዮ ለካ ሁለቱንም መስማት ይችላል፤ የሞላህለት ግን የወረዳውን አዲሱን ብቻ ነው። «ጥፋቱ የሬዲዮው አይደለም፣ ያልነገሩትን ከየት ይሰማል? የሞላው ሰው እዚህ ቢኖር ኖሮ የኛን ሰዎች መስመር ባልረሳ» አለኝ። እዚያው ቆሞ የጎደለውን ሞላልኝ። ስለዚህ አሁን ጀማሪ ሰው ቢጠይቀኝ ሁለቱንም የሚሰማውን ግዛ፣ የቅርብ ሰዎችህን መስመር መጀመሪያ ሙላ እለዋለሁ።

የድሮውን ግን አባባ አልለቅም ብሏል። ትራሱ አጠገብ አስቀምጦ፣ ማንሿሿቱን ከፍቶ፣ እንዲሁ ይተኛል። እኔ ከማዶው ክፍል እንቅልፍ አጣሁ። እባክህ ዝጋው ብለው፣ «ሲንሿሿ እኮ ክፍት ነው ማለት ነው፤ ተዪው» አለኝ። የምስጋና በዓል ዕለት አንተ ሳትደውል መሽቶ እኔ ሳህን እያጠብኩ ያ ልጅ ጭራሽ ዝም አለን እያልኩ ሳጉረመርም ሰምቶኝ፣ «ዝም አላለም፤ ርቆ ነው» ብሎ ገሠጸኝ።

እኔ እንደሱ ልበ ሰፊ አይደለሁም፣ ተናድጄብሃለሁ። አንተም እንደ ሬዲዮህ ነህ። ለገና ትደውላለህ፣ ጥርት ብለህ፣ ሁሉ ደኅና ነው ትላለህ፤ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ምንም። ደክሞኛል ዴልበርት። ብቻዬን ማንሳት፣ ብቻዬን ማድመጥ ደክሞኛል። ና። ጸደይ ሲገባ እመጣለሁ አትበለኝ፤ ከላይ የጻፍኩልህን መልሰህ አንብበው። ካልተፈቀደልህ ደግሞ መስመሩ ቢቆራረጥም፣ ነፋሱ ቢጮኽም ከመርከቡ ላይ ደውል። የምትለው ብታጣ እንኳ ደውል። አባባ ትንፋሽህን ሰምቶ መብላት አለመብላትህን ይነግረኛል።

ኬልሲ አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች፤ ትከሻዋ እየዳነ ነው። ቡርል ሰላም ብሎሃል፣ የተዋስከውን የዓሣ መረብም አልረሳም። ውሻው ባለቤቱ ማስጠጊያ እስኪያዘጋጅለት ድረስ እኛው ጋ ነው፤ አባባ እግር ሥር ይተኛል፣ እሱም ሰላም ይበልህ። አብረውህ ላሉት የመርከብ ሰዎች፣ ሾርባ ለሚያሳርረውም ሳይቀር፣ ሰላምታዬን አድርስ።

ይህን ስጽፍ አባባ ለማን እንደምጽፍ ጠየቀኝ። ለዴልበርት ነው ብለው የኔንም ቃል ጨምሪበት አለኝ። ምን ልበልልህ አልኩት። ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቅሁት። «የድሮው አልተዘጋም በዪው» አለ።

እህትህ ኦፓል
ሃርፐንስ ክሪክ፣ ዌስት ቨርጂኒያ
እሑድ፣ ዲሴምበር 1 ቀን 2019