አባዬና አዲሱ ፓስፖርት

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ዛሬ ከባለቤቴ ከዮናስ ጋር ሳን ሆዜ፣ አባዬ ቤት ሄድን። ኦክላንድን ለቀን፣ ሥራችንን ከርቀት በኢንተርኔት እየሠራን ፖርቱጋል አንዲት የባሕር ዳር መንደር ልንገባ እንደሆነ ልነግረው። እማዬ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው። በስንት ጭንቅ ተናገርኩ።

አባዬ ተነስቶ ከመሳቢያው አዲስ ፓስፖርት አወጣ። ሠላሳ ዓመት ከካሊፎርኒያ ያልወጣው አባቴ!

«አንቺን ትቼ እንዴት እሄዳለሁ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት» አለኝ።

እኔም እኮ ሁለት ዓመት የቆየሁት እሱን ብዬ ነው።

«የት ልትሄድ ነበር?»

«ብራዚል» አለ፣ ፊቱ በርቶ። «ያን ትልቁን ወንዝ በጀልባ ላየው።»

ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ስንመለስ ዮናስ ይነዳል፤ እኔ እስከ ኦክላንድ «ብራዚል!» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣኝም።